«ወራጅ አለ!» እና የድረ ገጽ ልማድ

ከካዛንቺስ ታክሲ ይዛችሁ መውረጃችሁ ሲደርስ ምን ትላላችሁ? «ወራጅ አለ!» ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራችሁም። ነገ አንድ ባለታክሲ «ከእኔ መኪና የሚወርድ ሦስት ጊዜ ያጨብጭብ» ቢል፣ ግማሹ ተሳፋሪ ሰፈሩን አልፎ መሄዱ ነው።

ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። አጉሊ መነጽር ስታዩ መፈለጊያ፣ ሦስት የተደራረቡ መስመሮች ስታዩ ማውጫ መሆኑን ታውቃላችሁ። የድር አጠቃቀም ባለሙያው ዴንማርካዊ ጃኮብ ኒልሰን ምክንያቱን በአጭሩ አስቀምጦታል፦ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ነው። ስለዚህ የእናንተም እንደለመዱት እንዲሠራላቸው ይጠብቃሉ። አእምሯችን በአንድ ጊዜ የሚይዘው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ቁልፍ ፍለጋ ላይ የዋለ ትኩረት ከዋናው ጉዳይ ይቀነሳል።

ችግሩ እኛ ጋ ልማዱ ሁለት መሆኑ ነው። ቂርቆስ ላለ አንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ገጽ እየሠራችሁ ነው እንበል። ከውጭ የተገኘው ቅጽ «8:00» ይላል፤ ጠዋት ማለቱ ነው። ታካሚዋ ግን ስምንት ሰዓት ብላ ታነባለች፤ ለእሷ ስምንት ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ዘግይታ ትደርሳለች። ለደም ምርመራ ምግብ ሳትቀምስ እንድትመጣ የተነገራት የስኳር ታማሚ ብትሆንስ? ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ልማዷን ነው የተከተለችው።

የእኛ ሰዓት ከንጋት ይቆጥራል። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፤ ስለዚህ አቆጣጠሩ ለኑሯችን ይስማማል። ካዛንቺስ አካባቢ ባለው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን የሚሠራ ሰው ስብሰባውን በውጭ አቆጣጠር፣ ከጓደኛው ጋር የሚጠጣውን ቡና በአገርኛው ሊቀጥር ይችላል። ሰው ከማን ጋር እንደሚያወራ አይቶ ይቀይራል፤ ስክሪን ግን አያይም። ስለዚህ «ጠዋት 2:00 ሰዓት፣ በውጭ አቆጣጠር 8:00» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ ነው። ቦታ ይፈጃል፣ ይፍጅ!

ወርም ላይ ያው ነው። 12 ወር ብቻ የሚያስመርጥ ዝርዝር ውስጥ ጳጉሜን 3 የተወለደ ልጅ ልደቱን የት ይሙላ? «የቤተሰብ ስም» የሚለውስ የአባት ነው የአያት?

ገጻችሁን ስትጨርሱ ስልኩን ለአክስታችሁ ስጧቸውና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ጣታቸው የት ጋ እንደሚቆም ልብ በሉ፤ ማስተካከል የምትጀምሩት ከዚያ ነው።