ትንሿ ሎህ፦ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእጅ ስልክ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም ራሳቸው የቲም ሆነው ባደጉት ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ለጋሾችና ቤተሰቦች! የምንደግፋቸው የቲሞች አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲያጠናቅቁ አዲስ ጥያቄ ይነሣል። እናቱን ለማገዝ የቀን ሥራ የያዘ አለ፤ ታናናሾቿን ትታ ርቃ መሄድ የማትችልም አለች። ለእነዚህ ልጆች በኢንተርኔት የሚሰጥ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ትልቅ በር ነው። ይሁን እንጂ በቤታቸው ኮምፒውተር የለም። ያለው አንድ የእጅ ስልክ ነው፤ እርሱንም ከቤተሰብ ጋር ይጋሩታል።

በዚህ ረገድ እኛም ተሳስተናል። የመመዝገቢያውን ክፍያ ሸፍነን የወሩን የኢንተርኔት ጥቅል ከገዛን ሥራችን ያለቀ መስሎን ነበር። ጥቅሉ ግን በሳምንቱ ያልቅ ነበር። ስንመረምረው ችግሩ ከተማሪው ስንፍና ሳይሆን ከትምህርቱ አዘገጃጀት ሆኖ አገኘነው። ትምህርቱ የተሰናዳው ሰፊ ስክሪንና የማይቋረጥ መስመር ላለው ሰው ነበር።

በመድረሳ ያለፍን ሁሉ ሎህን እናስታውሳለን። ሎህ ትንሽ ናት፤ ስለዚህ ኡስታዙ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ያስጽፋል። ልጁ ያን ይቀራል፣ ይሐፍዛል፣ ለኡስታዙ ያሰማል፤ ከዚያም ሎሁን አጥቦ ቀጣዩን ይጽፋል። ሠላሳው ጁዝእ በሙሉ በዚያች ጠባብ እንጨት ላይ ያልፋል። ስልክም ትንሽ ሎህ ነው። ትምህርትን ለስልክ ማመቻቸት ማለት ዕውቀቱን መቀነስ ሳይሆን ለሎሁ በሚስማማ መጠን መክፈል ነው።

ይህም በሚከተሉት መንገዶች ይፈጸማል።

አንደኛ፣ የአንድ ሰዓት ንግግር አሥር ደቂቃ ያህል በሚፈጁ ክፍሎች ይከፈላል፤ በየክፍሉ መጨረሻ ሁለት ሦስት ጥያቄ ይቀመጣል። መስመር ቢቋረጥ ወይም እናት ስልኩን ብትፈልገው የሚባክነው ጥቂት ነው።

ሁለተኛ፣ ክብደቱ ይቀነሳል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ያው ንግግር በሰከንድ 32 ኪሎቢት በድምፅ ብቻ ቢቀርብ 15 ሜጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ቪዲዮ በዓይን ማየት ግድ ለሚሆንበት ብቻ ይቀመጣል፤ የቀረው በድምፅና በጽሑፍ ይሰጣል።

ሦስተኛ፣ ለወረቀት የተሰናዳ የፒዲኤፍ ገጽ በስልክ ሲከፈት እያንዳንዱን መስመር ለማንበብ ገጹን ግራና ቀኝ መጎተት ይጠይቃል። በምትኩ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ራሱን የሚያስተካክል ጽሑፍ ይዘጋጃል።

አራተኛ፣ ትምህርቱ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ይደረጋል። ለምሳሌ ሙድል የተባለው የትምህርት ማቅረቢያ የስልክ መተግበሪያ አለው። ተማሪው ዋይፋይ ባለበት ትምህርቱን አውርዶ በቤቱ ያጠናል፤ መምህሩ ከፈቀደም ፈተናውን ያለ መስመር ሠርቶ መልሱን በኋላ ይልካል።

አምስተኛ፣ ረጅም ጽሑፍ በስልክ መጻፍ አድካሚ ስለሆነ፣ በደብተር ጽፎ ፎቶውን መላክ ይፈቀዳል።

ሆኖም ስልክ ሁሉን አይተካም። የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍን ለመሳሰሉ ትምህርቶች ኮምፒውተር፣ ለተግባር ልምምድም ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል። ስለዚህ የትምህርት ዘርፍ ሲመረጥ ይህ አስቀድሞ ይታሰብበት።

ለጋሾች ሆይ! ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ትምህርቱ በስልክ ተሞክሮ እንደሆነ ጠይቁ። ተቋሙ በአገራችን የሚገኝ ከሆነም ለዚሁ የትምህርት ዓይነት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘቱን አረጋግጡ። እናንተም ቤተሰቦች፣ ልጁ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ከመግሪብ በኋላ አንድ ሰዓት ስልኩን ልቀቁለት፤ የተማረውንም እንዲያሰማችሁ ጠይቁት።

የየቲም ገንዘብ አማና ነው። ሊከታተለው በማይችል ትምህርት ላይ ሲባክን የሚጎድለው ብር ብቻ ሳይሆን የልጁም ተስፋ ነው። አላህ ሰደቃችሁን ይቀበል፤ ለየቲሞቻችንም ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግስልን። አሚን።