የቶቢያ ቅጠልና የቢራቢሮዋ ሕይወት

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ ተምች ወደ ሀገራችን ከገባና በበቆሎ ማሳ ላይ ጉዳት ማድረስ ከጀመረ ወዲህ፣ አባጨጓሬ በታየ ቁጥር መርዝ ለመርጨት መቸኮል የሚያስገርም አይደለም። ማሳን ከተምች መጠበቅ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር፣ በችግኝ ጣቢያና በመቃብር ቦታ የሚገኝ አባጨጓሬ ሁሉ ተምች አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሰበካ ጉባኤያትና ካህናት አባቶች ለይተው ያውቋት ዘንድ ስለ አንዲቱ እንገልጻለን። እርሷም የአፍሪካ ሞናርክ የምትባለው ቢራቢሮ ልጅ ናት።

ቢራቢሮዋን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ክንፏ ብርቱካንማ ቡናማ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ በነጭ ነጠብጣብ ያጌጠ ነው፤ በአንዳንዶቹም የኋለኛው ክንፍ መካከሉ ነጭ ነው። አበረሯ የዘገየና የማይቸኩል ነው። ለምን እንደማትቸኩል ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንስቲቱ ዕንቁላሏን የምትጥለው ቅጠሉ ሲቀነጠስ ነጭ ወተት በሚያፈስሱ ተክሎች ላይ ነው። በቆላው ምድር ዋነኛው ቶቢያ ነው፤ በሌላውም ስፍራ ፊኛ የመሰለ ፍሬ የሚያፈሩት ዘመዶቹ ይገኛሉ። ዕንቁላሎቹን በአንድ ቦታ አትከምርም፤ አንድ አንዱን ለየብቻው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቅጠሉ ሥር ታኖራለች። ከጥቂት ቀናት በኋላ የምትፈለፈለው እጭ አስቀድማ የራሷን ቅርፊት፣ ቀጥሎም ቅጠሉን ትበላለች። አራት ጊዜ ቆዳዋን እየጣለች ታድጋለች። ሰውነቷ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት የተደራረበበት ሲሆን፣ በጀርባዋ ላይ ሦስት ጥንድ ለስላሳ ጥቁር ቀንዶች አሏት። ተምች እነዚህ ቀንዶች የሉትም። ጤፍን፣ በቆሎን፣ ጎመንን፣ የወይራንና የዝግባን ችግኝም ይህች አባጨጓሬ አትነካም።

ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ቁልቁል ተንጠልጥላ ሙሽሬ ትሆናለች። ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ዕለታት ፍጥረት ሲያስተምር የሐር ትልን መለወጥ ለትንሣኤ ምሳሌ አድርጎ እንዳነሣ ይታወቃል፤ ሰባክያንም እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ምሳሌው ያማረ ነው። ሆኖም «ሞታ ትነሣለች» የሚለው አነጋገር ለሙሽሬዋ በቀጥታ አይስማማም። ሙሽሬዋ ሕያው ናት፤ በውስጧ የአባጨጓሬዋ አካል አብዛኛው እየፈረሰ፣ ክንፍና ረጅም እግር የሚሆኑት ጥቃቅን ክፍሎች ደግሞ አስቀድመው በእጭነቷ ጊዜ የነበሩ ሆነው አሁን ያድጋሉ። በሞቃት ስፍራ ከዕንቁላል እስከ ክንፍ ያለው ጉዞ ሁሉ በአንድ ወር ገደማ ይፈጸማል።

አሁን ወደ አለመቸኮሏ እንመለስ። የእነዚህ ተክሎች ወተት ካርዴኖላይድ የተባለ የልብን ምት የሚያውክ መርዝ አለው። አባጨጓሬዋ ይህን መርዝ ትቋቋመዋለች፤ ከዚያም አልፋ በሰውነቷ ታከማቸዋለች፤ ቢራቢሮም ስትሆን ከእርሷ ጋር ይቆያል። የሚያጣብቀው ወተት አፏን እንዳይዘጋባትም ከመብላቷ በፊት የቅጠሉን ሥር ነክሳ ፍሰቱን ትቀንሳለች። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊንከን ብራወር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካን ሞናርክ ለወፎች አብልቶ ነበር፤ ወፎቹ አስመለሳቸው፤ ከዚያ በኋላም መልኳን ባዩ ጊዜ አልነኳትም። እንግዲህ ደማቁ ቀለም ማስጠንቀቂያ ነው። የእኛይቱም ስትያዝ እንደ ሞተች ትሆናለች፣ የሚያስጠላ ፈሳሽም ታወጣለች፤ ቆዳዋ ጠንካራ ስለሆነ ወፍ ቀምሶ ቢተፋት ብዙ ጊዜ ትተርፋለች። ይህን መልክ የሚዋሱም አሉ። ወንዱ ጥቁር ሆኖ ነጭ ክብ ያለበት፣ መርዝ የሌለው ሌላ የቢራቢሮ ዝርያ አለ፤ እንስቲቱ ግን የአፍሪካ ሞናርክን ፈጽማ ትመስላለች። ወፍም ይታለላል።

መከላከያዋ ግን በሁሉ ላይ አይሠራም። ዕንቁላላቸውን በአባጨጓሬዋ ላይ የሚጥሉ ዝንቦች አሉ፤ ልጆቻቸውም ከውስጥ ይበሏታል። የተባይ ማጥፊያ መርዝ ሲመጣባት ምንም መከላከያ የላትም። የምትበላው ተክል ከጠፋም ሌላ ተክል አትለምድም።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በአሜሪካ ዘመዷ ታይቷል። ያቺ ሞናርክ ክብደቷ ግማሽ ግራም ገደማ ሆኖ ሳለ ከካናዳና ከሰሜን አሜሪካ ተነሥታ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በመጓዝ በሜክሲኮ ሚቾአካን ተራሮች፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ በሚገኙ የጥድ መሰል ዛፎች ላይ ትከርማለች። ይህ ስፍራ ለሳይንስ ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። በ1996/97 ክረምታቸው ከ18 ሄክታር በላይ ደን ሸፍነው የነበሩት ቢራቢሮዎች በ2013/14 የሸፈኑት 0.67 ሄክታር ብቻ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የደን መቆረጥና የአየር ጠባይም አለበት። ነገር ግን በአሜሪካ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳዎች መካከል ይበቅል የነበረው ወተታማ ተክል በፀረ አረም መድኃኒት መጥፋቱ ከዋናዎቹ ይቆጠራል።

የእኛይቱ ሰፊ አገር ያላት በመሆኗ እንዲህ ያለ አደጋ ላይ አይደለችም። በአንድ አጥቢያ ግን ተክሉ በሙሉ ከተነቀለ፣ በዚያ አጥቢያ አትራባም። ስለዚህ ቅጥር ሲጸዳ ከውጭ በኩል ባለው ዳር ጥቂት የቶቢያ እግር እንዲቀር እንመክራለን፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ከሚሰበሰቡበት ቦታ ግን ይራቅ፤ ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳልና። የሚነቅሉትም ሰዎች ዓይናቸውን ሳይነኩ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። መርዝ የመርጨት ውሳኔ ከመተላለፉ በፊት አንድ የኮሚቴ አባል ቅጠሉን ገልብጦ ሦስቱን ጥንድ ቀንዶች ይመልከት፤ በቅጥሩ ቀፎ ያላቸው አድባራትም መርዙ ለንብ የሚያመጣውን ጉዳት ያስቡ። ተክሉን ማንሣት የግድ ከሆነ፣ አባጨጓሬዎቹ ሙሽሬ ሆነው ቅርፊታቸውን ባዶ እስኪተዉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት መታገሥ ይበቃል።