«ማሽን ላይ ከወጣ አበቃለት»

ከዘመሮ ታማሚ ይዞ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ የቆመ ቤተሰብ ይህን ቃል ከአንድ ዘመድ ሳይሰማ አይቀርም። የሚከተለውም ይታወቃል፦ «ይልቅ አገሩ ገብቶ ይረፍ።»

እውነታው፣ የመተንፈሻ ማሽን የሞት ምልክት አይደለም። ጊላን ባሬ የሚባለውን ሕመም እንውሰድ። የሰውነት መከላከያ የገዛ ነርቮቹን ያጠቃል፤ ድካሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአራት ታማሚዎች አንዱ ገደማ ማሽን ያስፈልገዋል። ሰውየው አይናገርም፣ አይንቀሳቀስም፤ አእምሮው ግን ሙሉ ነው። ነርቩ እስኪያገግም ማሽኑ ይተነፍስለታል፤ አብዛኞቹም ተነሥተው ይሄዳሉ። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና ራሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 የፖሊዮ ወረርሽኝ ኮፐንሃገንን ሲያስጨንቅ፣ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ በእጃቸው አየር እየገፉ ሕሙማኑን ሲያተነፍሱ ነው።

«ራሱን ስቷል፤ ምን ይሰማል?» ይህም ሁልጊዜ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ የኒውዮርክ ጥናት፣ አንጎላቸው የተጎዳና ሲታዘዙ የማይንቀሳቀሱ 104 ሕሙማን «እጅህን ክፈት፣ ዝጋ» እየተባሉ የአንጎላቸው ኤሌክትሪክ ተነበበ። የ16ቱ አንጎል ትእዛዙን ተቀብሎ ተገኘ። ከዓመት በኋላም ከሌሎቹ ይልቅ እነዚህ የተሻለ አገግመዋል። እንግዲህ አልጋው አጠገብ ቆሞ ስለ ቀብርና ተዝካር መማከር ነውር ነው። (ሐኪሞችም አንዳንዴ ይዘነጉታል።)

«መሣሪያ በሌለበት አገር ምን ይደረግለታል?» እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት ይህ ጥያቄ ቦሊቪያና ኢኳዶር ውስጥ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት በደረሰባቸው 324 ሰዎች ላይ ተፈትኗል። የራስ ቅል ውስጥ ግፊት በመሣሪያ የተለካላቸውና በሲቲ ስካንና በተደጋጋሚ ምርመራ ብቻ የታከሙት ውጤታቸው ተቀራራቢ ሆነ። የታማሚውን የዓይን ብሌን በባትሪ ደጋግማ የምታይ ነርስ ቀላል አይደለችም።

ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ፤ ለሚጥል በሽታ ክብሪት ማሽተት ከንቱ ነው። መንፈራገጡ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ደቂቃ ገደማ በራሱ ይቆማል፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስዳል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው።

ቃሬዛ ለምትሸከሙ አደራ፦ ራሱን ስቶ የሚተነፍስን ሰው በጀርባው አታንጋሉት፤ ምላሱ ጉሮሮውን እንዳይዘጋ በጎኑ አስተኙት። ወድቆ ወይም ተመትቶ ከሆነ አንገቱን ከገላው ጋር አቅንታችሁ አንድ ላይ አዙሩት። ጠበልም ቢሆን በአፉ አታፍስሱ፤ ሳንባው ይገባል። ግንባሩን አርጥቡለት፣ ይበቃል።