የጣና ዘማቾች

ክብራን ገብርኤልንና ደጋ እስጢፋኖስን በእቅፉ የያዘው ጣና፣ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜናዊው ዳርቻ እንቦጭ የተባለ መጤ አረም በቀለበት። አበባው ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን የታንኳን መንገድ ይዘጋል፤ የዓሣንም መራቢያ ያጠፋል።

በ2010 ዓ.ም. በተደረገው ዘመቻ ከባሕር ዳርና ከጎንደር የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከገበሬዎች ጋር ውሃው ውስጥ ገብተው አረሙን በእጃቸው ነቀሉ። ሥራቸውን እናመሰግናለን። ነገር ግን የእንቦጭ ዘር በጭቃ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ፣ የተነቀለውም ከዳር ርቆ ካልደረቀ ማዕበል ስለሚመልሰው፣ የአንድ ቀን ዘመቻ አይበቃም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ለዕረፍት ሲመጡ የፈተናቸውን ውጤት ብቻ አትጠይቁ። «ዘንድሮስ ወደ ሐይቁ ተመለሳችሁ ወይ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ እናሳስባለን።