ተሸንፎ የተመለሰ ቡድን ምን ይወስናል?

የገና ጨዋታን የሚያውቅ አንባቢ ሥርዓቱን አይዘነጋም። ሰፊ ሜዳ ይመረጣል፤ ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፤ ሁለት ወገን ሆኖ እሩሩን ወደ ተቃራኒው ዳርቻ ለማሳለፍ ሲጋፉ ይዋላል። በውጭ አገር ሆኪ የተባለውን ጨዋታ ያየ ሰው የሁለቱን መመሳሰል ወዲያው ያስተውላል። ይሁን እንጂ የገና ቡድን ጧት ተመርጦ ማታ የሚበተን ነው። የተሸነፈው ወገን የአሸናፊውን የፌዝ ዘፈን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ፣ አለቃ ለመሻርና ተጫዋች ለመለወጥ ሸንጎ አይቀመጥም።

በማኅበርና በጽሕፈት ቤት የተቋቋመ ቡድን ግን እንዲህ አይደለም። ከውድድር በጊዜ ተሸንፎ ሲመለስ፣ እስከሚቀጥለው ውድድር ድረስ ባሉት ወራት ብዙ ነገር መወሰን አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ እነዚህ ውሳኔዎች ምን ምን እንደሆኑና የትኛው ምን ውጤት እንዳስከተለ ለመግለጽ እንሞክራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው የኢትዮጵያን ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን፣ ማለትም ዋልያዎቹን ነው። ምክንያቱም ይህ ቡድን በ2005 እና በ2014 ዓ.ም. ከአፍሪካ ዋንጫ በመጀመሪያው ምድብ ተሰናብቶ ስለተመለሰ፣ ሁለቱን ጊዜ ለማነጻጸር ይመቻል። ዓመተ ምሕረቱን የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

የውሳኔዎቹ ዓይነት

በዕረፍት ወራት የሚደረገውን ውሳኔ በሦስት መክፈል ይቻላል። አንደኛው ስለ አሠልጣኙ የሚደረግ ነው፤ ይቆይ ወይስ ይሰናበት? ሁለተኛው ስለ ተጫዋቾች ነው፤ ማን ይቀነስ፣ ከወጣቶቹስ ማን ይጠራ? ሦስተኛው የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው፤ ይኸውም የተጫዋቾችን ቅጣት መዝግቦ መያዝ፣ የወዳጅነት ጨዋታ መፈለግ፣ ገንዘብ ማዘጋጀት፣ ሜዳ ማሰናዳት ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ በአንድ ስብሰባና በአንድ ደብዳቤ ይፈጸማል። ሕዝቡም ወዲያው ያየዋል፤ ጋዜጣውና ራዲዮኑም ያወራለታል። ሦስተኛው ግን ወራትን፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ይፈጃል፤ ሲሠራ ማንም አያመሰግነውም፤ ሳይሠራ ሲቀር ብቻ ይታወቃል። ስለዚህ ሽንፈት በደረሰ ቁጥር እጅ ወደ መጀመሪያው ቢዘረጋ የሚያስገርም አይሆንም።

የ2005 ዓ.ም. ሽንፈት

ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህም ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት፣ ግብጽን 4 ለ 2 በማሸነፍ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ31 ዓመት መጥፋት ተመልሳ፣ በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወደ ውድድሩ የገባችበት የመጀመሪያ ጨዋታም እንደ አጋጣሚ በዚያው በጥር 13 ቀን ዋለ። አሠልጣኙ አቶ ሰውነት ቢሻው ነበሩ።

ውጤቱን በቁጥር ብቻ ያየ ሰው ያዝናል። ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1፤ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፤ በናይጄሪያ 2 ለ 0፤ በጠቅላላው አንድ ነጥብ። እንዴት እንደተሸነፉ የመረመረ ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ዛምቢያ ያለፈው ዋንጫ ባለቤት ነበረች፤ ዋልያዎቹ በረኛቸው በቀይ ካርድ ወጥቶባቸው በ10 ሰው አቻ ወጡ። ከናይጄሪያም ጋር እስከ መጨረሻው አሥር ደቂቃ ገደማ ባዶ ለባዶ ቆይተው፣ ሁለቱም ግቦች የገቡባቸው በፍጹም ቅጣት ምት ነው። ለዋንጫው ፍጻሜ የደረሱትም እነዚሁ የምድቡ ጓደኞች ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ናቸው። በቡርኪና ፋሶ የደረሰው የ4 ለ 0 ሽንፈት ግን ሰበብ የለውም፤ ተቃራኒው ቡድን ራሱ አንድ ሰው ጐድሎበት ነበርና።

ፌዴሬሽኑ በዚያን ጊዜ አሠልጣኙን አቆየ። ፍሬውም በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ታየ። ቡድኑ መጋቢት 15 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናን፣ ሰኔ 9 ቀን ደግሞ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 በአዲስ አበባ አሸነፈ። ነገር ግን በዚያው በሰኔ 9 ቀን የደስታው ዕለት ሳያልፍ ሌላ ወሬ መጣ። ከስምንት ቀን በፊት በቦትስዋና ሜዳ በተደረገውና ኢትዮጵያ 2 ለ 1 ባሸነፈችበት ጨዋታ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት መታገድ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ነበር። ፊፋም ጨዋታውን ለቦትስዋና 3 ለ 0 ወሰነ።

ይህ ስሕተት የእግር ድካም ወይም የአሠልጣኝ ዘዴ ጉድለት አይደለም፤ የመዝገብ ጉድለት ነው። ያ ሦስት ነጥብ ባይቀነስ ኖሮ ቡድኑ አንድ ጨዋታ እየቀረው የምድቡ አንደኛ መሆኑን ባረጋገጠ ነበር። ስለ ተቀነሰ ግን የመጨረሻውን ጨዋታ ከማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ ጋር በጭንቀት ተጫውቶ 2 ለ 1 አሸንፎ አለፈ። ከዚያም ለዓለም ዋንጫ በቀረው የመጨረሻ በር ላይ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 1፣ ኅዳር 7 ቀን በካላባር 2 ለ 0 በናይጄሪያ ተሸነፈ።

አሠልጣኝ የተለወጠበት ዓመት

በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ብቻ በሚደረገው በቻን ውድድር ኢትዮጵያ ሦስቱንም ጨዋታ ያለ አንዳች ግብ ተሸነፈች። ከዚህ በኋላ አቶ ሰውነት ተሰናበቱ፤ በቦታቸውም ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ተተኩ። የተከተለው የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር ነበር። ቡድኑ ማሊን በባማኮ 3 ለ 2 ያሸነፈ ቢሆንም፣ በአዲስ አበባ በአልጄሪያና በማሊ ተሸንፎ፣ ከማላዊም ጋር ያለ ግብ ተለያይቶ ከማለፍ ቀረ። አሠልጣኙም በ2007 ዓ.ም. ተሰናበቱ።

ከዚህ ተነሥተን አሠልጣኝ መለወጥ ሁልጊዜ ጥፋት ነው ለማለት አንደፍርም። ለማለት የምንፈልገው፣ ለውጡ ብቻውን የቡድኑን ሕመም እንዳልፈወሰ ነው። ሕመሙ ሳይታወቅ መድኃኒቱ ቢለወጥ በሽተኛው አይድንምና።

የ2014 ዓ.ም. ሽንፈት

በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ የተመራው ቡድን በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን የደረሰበት ከ2005ቱ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። በመጀመሪያው ጨዋታ ከኬፕ ቬርድ ጋር ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ተከላካይ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ቡድኑም 1 ለ 0 ተሸነፈ። በካሜሩን 4 ለ 1 ተረታ፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣ። አሁንም አንድ ነጥብ። ካሜሩንና ቡርኪና ፋሶ በዚያ ዋንጫ ሦስተኛና አራተኛ ሆነው ጨርሰዋል።

አሠልጣኙ አሁንም ቆዩ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ቡድኑ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፈ። ሕዝባችን ግን ይህን ድል በአገሩ ሜዳ አላየውም። ጨዋታው «የኢትዮጵያ ሜዳ» ተብሎ የተደረገው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ከአራት ቀን በፊት በዚያው ስታዲዮም ማላዊ ባለ ሜዳ፣ ኢትዮጵያ እንግዳ ሆነው ተጫውተው ዋልያዎቹ 2 ለ 1 ተሸንፈው ነበር። በአራት ቀን ውስጥ በአንዱ ሣር ላይ እንግዳም ባለቤትም መሆን ማለት ይህ ነው።

የሜዳው ነገር

ነገሩ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ዋልያዎቹ ለካሜሩኑ ዋንጫ ሲያልፉ ዋና ቤታቸው የባሕር ዳር ስታዲዮም ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮት ዲቯርን 2 ለ 1፣ መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ያሸነፉት እዚያ ነው፤ ኒጀርን ደግሞ በአዲስ አበባ 3 ለ 0 አሸንፈዋል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ስታዲዮሙ መለኪያውን አላሟላም ብሎ ከለከለ። ስለዚህ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የጋና ጨዋታ በጆሃንስበርግ ተደረገ። ቡድኑ ወደ ካሜሩን ሲሄድ ይህ ችግር የታወቀ ነበር፤ ሲመለስም ሳይፈታ ጠበቀው።

አሁን ባለ ሜዳ ሆኖ የተገኘውን ነጥብ እንቍጠር። በእያንዳንዱ ምድብ ሦስት ጨዋታ በቤት፣ ሦስት በውጭ ስለሚደረግ፣ በቤት ሊገኝ የሚችለው 9 ነጥብ ነው። በ2005 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የዓለም ዋንጫ ምድብ ማጣሪያ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ 9 ከ9 አገኘች። በ2007ቱ ማጣሪያ በዚያው በአዲስ አበባ 1 ከ9። በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በተደረገው፣ በ2013 ዓ.ም. ባለቀው ማጣሪያ እንደገና 9 ከ9። በ2014 ተጀምሮ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ባለቀው፣ «ቤት» የተባለው ሜዳ በማላዊ፣ በሞሮኮና በሞዛምቢክ በሆነበት ማጣሪያ፣ 4 ከ9።

በተለይ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ማጣሪያዎች ጐን ለጐን ማየት ይጠቅማል። በሁለቱም ቡድኑ ከአገር ውጭ እንግዳ ሆኖ ከተጫወታቸው ሦስት ሦስት ጨዋታዎች አንድም ነጥብ አላገኘም። በመጀመሪያው በቤት ያገኘው 9 ነጥብ ብቻውን ለማለፍ በቃው፤ በሁለተኛው 4 ነጥብ ይዞ የምድቡ መጨረሻ ሆነ። እርግጥ ተጋጣሚዎቹ አንድ አልነበሩም። የ2007ቱ ቁጥርም ሜዳ ብቻውን እንደማይበቃ ይመሰክራል፤ በ2014 መስከረም ደቡብ አፍሪካ በባሕር ዳር 3 ለ 1 አሸንፋ መሄዷም እንዲሁ። ቢሆንም ከቤቱ ውጭ ነጥብ የማያገኝ ቡድን ቤቱን ሲያጣ ምን እንደሚቀርለት ለመገመት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

የባለ ሜዳ ጥቅም ከየት ይመጣል? አንደኛ፣ ባለ ሜዳው አይጓዝም፤ በመኝታውና በምግቡም አይቸገርም። ሁለተኛ፣ ከፍታው ያግዘዋል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ፣ ባሕር ዳርም ወደ 1,800 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ስላላቸው፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ ትንፋሹ ያጥረዋል። ሦስተኛ፣ ሕዝቡ አለ። አራተኛ፣ የመግቢያው ገንዘብ ለፌዴሬሽኑ ይገባል። ሜዳው በሰው አገር ሲሆን ግን አራቱም ይገለበጣሉ፤ የአውሮፕላንና የሆቴሉ ወጪ ይጨመራል፤ የመግቢያው ገቢ ይቀራል።

በጥር 2015 ዓ.ም. በአልጄሪያ በተደረገው ቻን ቡድኑ እንደገና ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። በመጋቢት ጊኒ በሞሮኮ በተደረጉ ሁለት ጨዋታዎች 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 አሸነፈችው። ሁለተኛው ጨዋታ በመዝገብ የኢትዮጵያ ቤት ነበር። ከዚያ በኋላ አሠልጣኝ ውበቱ ከቡድኑ ተለያዩ። ሰኔ 13 ቀን ሌላ አሠልጣኝ የመራው ቡድን ከማላዊ ጋር ያለ ግብ ሲለያይ፣ አሠልጣኙ ተለውጦ ሜዳው ግን አሁንም ባዕድ ነበር፤ ማፑቶ።

ለአዘና ሰው ምኑ ነው?

ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ጨዋታው በባሕር ዳር በነበረ ጊዜ ከአዘና የተነሣ ወጣት በእንጅባራና በዳንግላ በኩል በአውቶቡስ ሄዶ የአገሩን ቡድን በዓይኑ ማየት ይችል ነበር። ወደ ጆሃንስበርግና ወደ ሊሎንግዌ ግን ከአዘና አውቶቡስ የለም። ብሔራዊ ቡድን በአንድ ክልል ከተማ ሲጫወት፣ በዙሪያው ያሉት ትናንሽ ከተሞች ሁሉ የጨዋታው ባለቤት ይሆናሉ፤ ሜዳው ሲዘጋም አብረው ይጐዳሉ።

ደግሞም የትምህርት ቤትና የቀበሌ ቡድኖች በያለበት አሉ፤ እነርሱም ተሸንፈው ይመለሳሉ። ለእነዚህ ቡድኖች አስተዳዳሪዎች የምናሳስበው ትልቅ ወጪ የማይጠይቅ ነገር ነው። አሠልጣኙን ለመውቀስ ከመሰብሰብ በፊት አንድ ደብተር ይገዛ። ማን መቼ ካርድ እንዳየ፣ ግቡ በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ፣ በቤትና በውጭ ስንት ነጥብ እንደተገኘ ይጻፍበት። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ይታይ፤ ድንጋዩ ይለቀም፤ ውኃ የሚተኛበት ቦይ ይቀደድለት። ይህ ተደርጎ አሠልጣኙ መለወጥ እንዳለበት ከደብተሩ ከታየ ይለወጥ፤ የሚተካውም ሰው ከተስተካከለ ሜዳና ከተጻፈ መዝገብ ላይ ሥራውን ይጀምራል።