ከክሬቲኒን በታች የተጻፉት ቁጥሮች

የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) የሚያደርግ ሰው የላቦራቶሪ ውጤት ሲሰጠው መጀመሪያ የሚፈልገው ክሬቲኒንን ነው፤ ቀጥሎ ፖታሲየምን፣ ከዚያ ሄሞግሎቢንን። ክሬቲኒኑ ትንሽ ከፍ ካለ ቤተሰቡ ሁሉ ይጨነቃል። የሚገርመው ግን በትልልቅ ጥናቶች ከእጥበት በፊት ክሬቲኒናቸው ከፍ የሚል ታማሚዎች ከሌሎቹ ረዘም ያለ ዕድሜ ሲኖሩ ታይቷል። ክሬቲኒን ከጡንቻ ስለሚመነጭ ጡንቻው ያልሟሸሸ ሰው ቁጥሩም ከፍ ይላል። ስለ ዕድሜ ይበልጥ የሚናገሩት እዚያው ወረቀት ላይ ዝቅ ብለው የተጻፉት፣ ብዙ ሰው የሚዘላቸው የብግነት ምልክቶች ናቸው።

ብግነት ሰውነት ጀርም ሲገባበት ወይም ሲጎዳ የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ ነው። ጣት ሲቆስል ቀልቶና አብጦ እናየዋለን። እጥበት ላይ ባለ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ትኩሳትም ሕመምም ሳያሳይ ለወራት ውስጥ ለውስጥ ይቆያል፤ ደም ሥር ያደነድናል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጡንቻ ይጨርሳል። እነዚህን ታማሚዎች በብዛት የሚገድለውም የልብና የደም ሥር ሕመም ነው።

ከምልክቶቹ ታዋቂው ሲአርፒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 በኒውዮርኩ የሮክፌለር ተቋም ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ያገኙት፣ ጉበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። በ1999 የወጣ የጀርመን ጥናት 280 የእጥበት ታማሚዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሎ፣ ሲአርፒያቸው ከፍ ባለ ታማሚዎች ላይ ሞት እንደሚበረታ አሳይቷል። በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ደግመዋል።

ሁለተኛው ምልክት፣ ጉበት የሚሠራው ሌላው ፕሮቲን አልቡሚን፣ በተቃራኒው ሲወርድ ነው የሚያሳስበው። በ1990 አሜሪካ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ታማሚዎችን ያካተተ ጥናት ዝቅተኛ አልቡሚን ከሞት ጋር በጽኑ የተያያዘ መሆኑን አገኘ። እዚህ ላይ ቤተሰብ በቅንነት የሚሳሳተው ነገር አለ። አልቡሚን ወርዷል ሲባል እንቁላልና ሥጋ ይደረደራል፤ ታማሚው ካልበላ ደግሞ ይወቀሳል። ፕሮቲን መብላቱ በእርግጥ ያስፈልጋል። ነገር ግን ብግነት ሲኖር ጉበት ሲአርፒ ማምረቱን ጨምሮ አልቡሚን ማምረቱን ይቀንሳል፤ የምግብ ፍላጎቱን የዘጋውም ያው ብግነት ሊሆን ይችላል። ሰውየው እልኸኛ ሆኖ አይደለም።

ሦስተኛው ምልክት ለብቻው ምርመራ አይጠይቅም። በተለመደው የደም ቆጠራ (ሲቢሲ) ላይ ኒውትሮፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ሊምፎሳይት ለሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ማካፈል ነው፤ 4,800 ለ1,200 ሲካፈል 4 ይሆናል። መጠኑ ሲጨምር አደጋውም እንደሚጨምር ብዙ ጥናቶች ቢያሳዩም ሁሉም የተስማሙበት የድንበር ቁጥር የለም። ጉንፋን ወይም እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒትም ስለሚያዛባው፣ በአንድ ቀን ውጤት መደንገጥ አያስፈልግም።

ታዲያ ቁጥሩን በመድኃኒት ብናወርደውስ? ጭስ በማራገብ እሳት አይጠፋም። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተፈትሸዋል፤ በ2005 ውጤቱ የወጣው በ1,255፣ በ2009 የወጣው ደግሞ በ2,776 የእጥበት ታማሚዎች ላይ። ኮሌስትሮሉ በጣም ወረደ፣ በሁለተኛው ሙከራ ሲአርፒም ቀነሰ፤ የሞት ቁጥር ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን የብግነት መልእክተኛ የሚያግዱ አዳዲስ መድኃኒቶችም ሲአርፒን እጅግ አውርደዋል። ዕድሜ ማራዘማቸው ግን ገና አልተረጋገጠም።

ስለዚህ የቁጥሩ ትልቁ ጥቅም የብግነቱን ምንጭ እንድንፈልግ ማድረጉ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚጠረጠረው አንገት ወይም ደረት ላይ የገባው የእጥበት ቱቦ (ካቴተር) ነው። በአገራችን ብዙ ሰው እጥበት የሚጀምረው በእሱ ነው፤ ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የሚሠራው ፊስቱላ በኢንፌክሽን የመጠቃት ዕድሉ በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ፊስቱላ ማሠራት ለሚችል ሰው ነገ ዛሬ ማለት አይበጅም። የድድ ሕመም፣ የተበላሸ ጥርስ፣ የእግር ቁስል፣ አገልግሎቱን ጨርሶ ሰውነት ውስጥ የቀረ ሰው ሠራሽ የደም ሥርም ይመረመራል። የእጥበት ውኃውም አይዘነጋም፤ በአንድ የአራት ሰዓት እጥበት ወደ 120 ሊትር የሚጠጋ ውኃ ከታማሚው ደም ጋር በስስ ሽፋን ብቻ ተለያይቶ ያልፋል። የውኃው ንጽሕና ሲሻሻል ሲአርፒ እንደሚወርድ ታይቷል።

ሌላም ፍንጭ አለ። ደም ለማብዛት የሚሰጠው የኤሪትሮፖይቲን መርፌ እየተወሰደ ሄሞግሎቢን አልነሳ ካለ፣ የብረት ክምችት መለኪያው ፌሪቲን ደግሞ ከፍ ካለ፣ ድብቅ ብግነት መኖሩ ይጠረጠራል። መርፌው ውድ ነው፤ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ይህን ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ምንጩ ተገኝቶ ከታከመ ሲአርፒ በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ግማሹ ከደም ለመጥፋት 19 ሰዓት ያህል ይበቃዋል። አልቡሚን ግን ደም ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ፕሮቲን በመሆኑ ቀስ ብሎ ነው የሚያገግመው፤ በሚቀጥለው ወር ወረቀት ላይ ብዙ ለውጥ ባያሳይ ሕክምናው አልሠራም ማለት አይደለም።