የፍሬድ ቴይለር ዋጋ

ሬንፍሩ በካናዳዋ ኦንታሪዮ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1909 መጨረሻ የከተማዋ የበረዶ ሆኪ ክለብ ፍሬድ ቴይለርን ከኦታዋ አስኮበለለ። ለአንድ የውድድር ዘመን 5,250 ዶላር እንደተከፈለው በሰፊው ይነገራል፤ ዘመኑ ደግሞ 12 ጨዋታ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ክለቡ የሚወዳደርበት ሊግ የደመወዝ ጣሪያ አወጣ፤ ለመላው ቡድን 5,000 ዶላር። አምና አንድ ሰው የወሰደው ዘንድሮ ለቡድን ከተፈቀደው በለጠ ማለት ነው።

ይህን ዋጋ ምን ፈጠረው? ቴይለር ፈጣን ነበር፤ “ሳይክሎን” የሚለውን ቅጽል ያገኘው በፍጥነቱ ነው። ነገር ግን በ1904ም እግሮቹ እነዚያው ነበሩ። ያኔ አንድ የቶሮንቶ ቡድን ፈልጎት እንቢ ሲል፣ የኦንታሪዮ አማተር ማኅበር ሌላ ቦታ እንዳይጫወት አገደውና አንድ ሙሉ ዘመን ቤቱ ተቀመጠ። በግልጽ ደመወዝ የሚከፍል ሊግ የተቋቋመው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ የሊጉ ማዕከል በአሜሪካዋ ሚሺጋን የመዳብ ማዕድን አገር ነበር። ቴይለር በኋላ ወደዚያው ወደ ሆውተን ሄደ። ሁለተኛ በር ሲከፈት ዋጋውም ተነሣ።

በ1907 ኦታዋ ስትጠራው ከደመወዙ በተጨማሪ በመንግሥት ኢሚግሬሽን ቢሮ ሥራ ሰጠችው። እኔ ከዶላሩ ይልቅ ይህን ውል አስበልጣለሁ። በረዶው የሚቆየው ጥቂት ወራት ነው፤ የቀሪውን ዓመት እንጀራ የሚያስገኘው ቢሮው ነበር። በ1909 ከኦታዋ ጋር የሆኪውን ታላቅ ሽልማት፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ አነሣ።

የሬንፍሩ ገንዘብ ከትኬት ሽያጭ የመጣ አልነበረም። ምንጩ የክለቡ ባለቤት የኦብራያን ቤተሰብ የብር ማዕድንና የባቡር ሐዲድ ሥራ ነው፤ ቤተሰቡ ዋንጫውን እጅግ ይመኝ ነበር። ዋንጫው ወደ ሞንትሪያል ሄደ፤ ክለቡም በ1911 ፈረሰ። የቴይለር “መብት” ሳይጠየቅ ለአንድ የሞንትሪያል ክለብ ተላለፈ። አልሄድም አለ፤ ቀጣዩም ዘመን ከሞላ ጎደል ባከነ። የ1904ቱ እገዳ በሌላ ስም ተመለሰበት።

ከዚህ ያወጡት የሬንፍሩ የቡድን ጓደኞቹ ሌስተርና ፍራንክ ፓትሪክ ናቸው። ወንድማማቾቹ በ1911 በምዕራብ ካናዳ የራሳቸውን ሊግ መሥርተው፣ በቫንኩቨር ሰው ሠራሽ በረዶ ያለው አዳራሽ ሠርተው ነበር። ቴይለር በ1912 ሲዛወር የኢሚግሬሽን ሥራውም አብሮት ሄደ። በ1915 ቫንኩቨር ኦታዋን በሦስት ተከታታይ ጨዋታዎች አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

የኢሚግሬሽን ሥራው ግን ንጹሕ መጠለያ ብቻ አልነበረም። በ1914 ኮማጋታ ማሩ የተባለችው መርከብ ከ376 መንገደኞች ጋር፣ አብዛኞቹ የሕንድ ሲኮች፣ ቫንኩቨር ወደብ ሁለት ወር ያህል ቆማ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም እንዲመለሱ ተደረገ። ቴይለር ያኔ በዚያ ቢሮ ያገለግል ነበር። የሚያጨበጭቡለት ተመልካቾች ያሉባት ከተማና እነዚያ ሰዎች እግራቸውን እንዳያሳርፉባት የተከለከሉት ከተማ አንዲት ናት።

መጫወት ያቆመው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጡረታ የወጣው በ1950 ነበር።